ስካን ተደረገ እንጂ መቼ ተቀመጠ?

እንደ ምረቃ የምንወደው ነገር የለም። መንገድ ይመረቃል፤ ሕንፃ ይመረቃል፤ የሚመረቅ መንገድና ሕንፃ ሲጠፋ ደግሞ «ሲስተም» ይመረቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ የክብር እንግዳው አንዲት ቁልፍ ጫን ያደርጋሉ፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ኬኩና ለስላሳው ይዞራል። በማግሥቱ «መሥሪያ ቤቱ ከወረቀት ተላቀቀ» የሚል ዜና እናነባለን። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ጎራ ያለ ባለጉዳይ የሚሰማው ዜና ግን ሌላ ነው፤ «ሲስተም የለም፣ ሰኞ ይመለሱ።»

የኔትወርክን ጣጣ ላነሳ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የእኔ ጠብ ከሁለት ቃላት ጋር ነው፤ «ስካን ተደርጓል» ከሚሉት። እነዚህ ሁለት ቃላት በየመዝገብ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የሚነገሩት «ተቀምጧል፣ ተርፏል፣ ከእንግዲህ አያሳስብም» በሚል ትርጉም ነው። ውሸት ነው። ስካን ማድረግ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው፤ ማስቀመጥ ሌላ ሥራ ነው። ለዚያ ለሌላው ሥራ ደግሞ «በጀት የለም» የሚለው ምክንያት አያዋጣም። መሣሪያው በነጻ ከተለቀቀ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ የሚፈልገውም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ተራ ስካነርና ልብ ብሎ የሚሠራ አንድ ሰው ነው።

የሚጠራጠር ካለ ብራናዎቻችን እንዴት እንደተረፉ መለስ ብሎ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ አንድ ሥራ ተጀመረ፤ በየገዳሙና በየደብሩ የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ። ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮቱ መጣ፣ ሥራው ግን ቀጠለ፤ በመጨረሻም ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልሙ በአዲስ አበባም ተቀመጠ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ይተርከዋል። የማይተረከው ቀጥሎ ያለው ነው። ፊልም ብቻውን አንድ ሣጥን ሙሉ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሰጠው ካታሎጉ ነው። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት ያቆሰሏቸው፣ ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሥራ ነበር። እሳቸውና ዊልያም ማኮምበር የተካፈሏቸው የካታሎጉ 10 ቅጾች የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይሸፍናሉ። ቁጥር፣ መግለጫ፣ በሁለት አህጉር የተቀመጠ ቅጂ። መሣሪያው ዛሬ የሚሳቅበት ማይክሮፊልም ቢሆንም ማኅደር ማለት ይህ ነው። እኛ ከዚያ መቶ እጅ የሚበልጥ መሣሪያ ይዘን ከሦስቱ አንዱንም አናደርግም።

ብራናው እንግዲህ ወዳጅ አላጣም። ወላጅ የሌለው የሃያኛው ምዕተ ዓመት ወረቀታችን ነው። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ነገር ስለሆነ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሰባበራል። አምስት መቶ ዓመት የኖረ ብራና ዛሬም ቀጥ ብሎ ሲገለጥ፣ የሠላሳ ዓመት ጋዜጣ እጅ ላይ ይፈረፈራል። የፕሬስ ዐዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የፈላውን ያንን ሁሉ የግል ጋዜጣና መጽሔት አንባቢ ያስታውሰዋል። ጦቢያን፣ እፎይታን፣ ሌላውንም እየተሻማን ገዝተናል፣ እየተዋዋስን አንብበናል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ገሚሱ አዘጋጅ ታሠረ፣ ገሚሱ ተሰደደ። የቢሮ ኪራይ የሚከፍል ሲጠፋ መደርደሪያው ለባለንብረቱ ቀረ፤ ጥራዙ ለቆራሌው። የአንድ ትውልድ ክርክር ቆሎ ተጠቅልሎበት ተበላ።

የመጽሔት ሰው በመሆኔ ስለ መጽሔት አለቀስኩ እንጂ፣ የሚያስለቅሰው ይኸ ብቻ አይደለም። የዕድር መዝገብ አለ፤ የማን አባት መቼ እንደሞተ፣ ማን ምን ያህል እንደከፈለ፣ ድንኳኑ ከማን እንደተገዛ በአንድ ጸሐፊ እጅ የተጻፈበት። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ የተሞሉ ቅጾች አሉ። የጡረታ ፋይል አለ። እነዚህ የሥነ ጽሑፍ ቅርስ አይደሉም፤ የሰው እንጀራና ጣሪያ ናቸው።

አንዲት አክስት አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ከማያንስ አገልግሎቷ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በጡረታዋ አልተቆጠሩላትም፤ የቅጥር ደብዳቤዋ ያስፈልጋል ተባለች። ደብዳቤው አለበት ወደተባለው መሥሪያ ቤት አብሬያት ተመላለስኩ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ንጹሕ ይመስላሉ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ያገኘነው ልጅ ትሑት ነው። «እትዬ፣ አይስጉ፣ የእርስዎ ዘመን ፋይሎች በሙሉ ስካን ተደርገዋል» አላት። ደስ አላት። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። አንድ ፎልደር፤ በውስጡ «ስካን 1»፣ «ስካን 2» እየተባሉ የሚወርዱ፣ ልጁ ቁልቁል ሲስባቸው ማለቂያ ያጡ ሥዕሎች። ስም የለም፣ ዓመተ ምሕረት የለም፣ የፋይል ቁጥር የለም። «የቱ ጋ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብለን ጠየቅን። «አንድ በአንድ መክፈት ነው» አለ። እሺ፣ ዋናው ወረቀትስ? «ስካን ስለተደረገ ተወግዷል።» ከሁሉ ያስገረመኝ አነጋገሩ ነው፤ የምሥራች የሚነግረን ይመስል ነበር።

ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው ስካነር ሲገዛ ስም አወጣጥን ያላሰበውን አለቃ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል የፋይል ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ያለበት ስም ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ አክስቴ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደብዳቤዋን ይዛ ትወጣ ነበር። ስም ለመስጠት የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም።

እስኪ ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል እንየው። ሊኑክስ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። ሥዕልና ቁልፍ የሌለው፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱ ነው። «ስካንኢሜጅ» ለሚባለው ፕሮግራም በአንድ መስመር ይነገረዋል፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ግራጫ፣ ቲፍ በሚባለው ሳይጎዳ በሚያስቀምጥ ዓይነት፣ ገጹን ራስህ እየቆጠርክ ስም ስጥ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ገጽ ማስቀመጥ፣ ኢንተር መምታት፣ ገጽ መገልበጥ፣ ኢንተር መምታት ነው። አሰልቺ ነው፤ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ካርቦን እየደረበ ስትመታ ከዋለችው ታይፒስት ሥራ ግን አይብስም።

ሂሳቡን ልሥራው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ነጥብ በግራጫ ወደ 8.7 ሜጋባይት ይወስዳል። 48 ገጽ ያለው መጽሔት ከግማሽ ጊጋባይት ያንሳል። አምስት ዓመት በየወሩ የወጣ መጽሔት፣ 60 እትም፣ ከ25 ጊጋባይት ብዙም አይዘልም። ኪስ ውስጥ በሚገባ ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይተኛል ማለት ነው። በየስብሰባው «ሰርቨር እስኪገዛ» እየተባለ የሚጠበቀው እንግዲህ ይህን ለማስቀመጥ ነው!

ቀጥሎ ሥዕሉን ማስነበብ ይመጣል። ቴሴራክት የሚባል ፊደል አንባቢ አለ። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ሠርቶት መሳቢያ ውስጥ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው፤ በቀጣዩ ዓመት ጉግል መደገፍ ጀመረ። ዛሬ ከ100 በላይ ቋንቋዎች ያነባል፤ አማርኛም ትግርኛም ከመካከላቸው ናቸው። ይህንኑ አንባቢ ከውስጥ የሚያሠራ ኦሲአርማይፒዲኤፍ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የተጣመመውን ገጽ ያቃናል፣ የተነበበውን ጽሑፍ ከሥዕሉ ሥር በማይታይ ሁኔታ ያነጥፈዋል፣ ለረጅም ጊዜ ማኅደር ተብሎ ደረጃ በወጣለት የፒዲኤፍ ዓይነት ይጠርዘዋል። ይህ ሁሉ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። አንድ እትምም ሆነ ስድሳ እትም፣ ትዕዛዙ ያው ነው፤ ማታ ጽፎ ጠዋት መምጣት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ይህ ፕሮግራም ሀን፣ ሐን፣ ኀን ለይቶ ያነባል፤ ትዕዛዙን ግን የምንሰጠው በላቲን ፊደል ነው። ወደፊት የሚያስተካክለው ወጣት ይነሣ ይሆናል። እስከዚያ ፊደሉን ሰበብ አድርገን መቀመጥ አይገባንም።

«አማርኛን ኮምፒውተር አያነብም» የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሰሙትን ነው የሚደግሙት። እውነቱ ግን ይነገር፤ አንባቢው ይሳሳታል። በንጹሕ ወረቀት ላይ በኮምፒውተር የተለቀመን ጽሑፍ ደህና አድርጎ ያነባል። በታይፕ የተመታው ላይ ይንገዳገዳል፤ ምክንያቱም የአማርኛው ታይፕራይተር ፊደሉን የሚሠራው በአካሉ ላይ ቅጥል እየመታ ስለሆነ፣ ቅጥሉ አንዳንዴ ተገንጥሎ አንዳንዴ ተደራርቦ ይወድቃል፤ ቴሴራክት ደግሞ የሠለጠነው በኮምፒውተር ፊደል ነው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ አ እና እ በአንዲት ጭረት ስለሚለያዩ ደብዛዛ ቀለም ላይ ይምታቱበታል። የእጅ ጽሑፍማ ጨርሶ አይሞከርም። ይሁን እንጂ ከአሥር ቃል ሰባቱን ያነበበ ማውጫ፣ ምንም ማውጫ ከሌለው መቶ ሺሕ ገጽ ጋር ይወዳደራል? ስምን ለማግኘት በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ በትክክል መነበቡ ይበቃል፤ ሥዕሉ ያለው አጠገቡ ነው፣ ዓይን ይፈርዳል።

ፍለጋን ካነሳን ዘንድ በዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጥቁሩ መስኮት ለእኛ የበለጠ የሚስማማው እዚህ ላይ ነውና። አጻጻፋችን እንደ ጸሐፊው ነው። አንዱ ፀሐይ ይላል፣ አንዱ ጸሐይ፣ አንዱ ፀሀይ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በሚሊዮን ብር የተገዛው ሲስተም መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ኃይሌ ብለው ቢጽፉ በሀይሌ የተመዘገበው ሰው «አልተገኘም» ይባላል፤ በአገራችን «አልተገኘም» ማለት ደግሞ «የለህም» ማለት ነው። ግሬፕ የሚባለው አሮጌ ነጻ የፍለጋ ትዕዛዝ ግን ኃ፣ ሀ እና ሐን በአንድ ቅንፍ ውስጥ አጉሮ «ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ቀጥሎ ይሌ ያለበትን ሁሉ አምጣ» ሲባል ያመጣል። ሆሄያችንን አንድ እናድርግ አናድርግ የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ ሙግቱን እወደዋለሁ። የሞተውን ሰው ግን ተመልሰህ ስምህን በአንድ ሆሄ ጻፍ ማለት አይቻልም።

ከተነበበው ጽሑፍ ጋር ሥዕሉም መኖር አለበት፤ ሥዕሉም ያልተነካ መሆን አለበት። ጀርመናዊው ዳቪድ ክሪዝል እ.ኤ.አ. በ2013 ያጋለጠውን ማስታወስ ይበቃል። ስመ ጥር የሆነው የዜሮክስ መሣሪያ የሕንፃ ፕላን ስካን ሲያደርግ የክፍሎቹን ስፋት የሚገልጹትን ቁጥሮች በሌላ ቁጥር እየተካ ተገኘ። 6 የነበረው 8 ሆኖ ይወጣል፤ ያውም ደብዝዞ ሳይሆን ጥርት ብሎ። ጥፋቱ የመጣው ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን «አንድ ናቸው» ብሎ አንዱን በሌላው ቦታ ከሚለጥፍ የማመቂያ ዘዴ ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ ሠራ። የእኛስ? የካርታ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የካሬ ሜትር ልክ የያዘውን ወረቀት እንዲህ አምቆ ዋናውን ያቃጠለ መዝገብ ቤት በማን ላይ ሊፈርድ ነው? ስለዚህ ያልታመቀው ሥዕል ይቀመጥ፤ በላዩም ሻ256 በሚባለው ትዕዛዝ ማኅተም ይደረግበት። ትዕዛዙ ፋይሉን አንብቦ 64 ምልክት ያለው መለያ ያወጣል፤ ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል። ቲተርና ክብ ማኅተም እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«በኮምፒውተር አለ» የሚለውም ሌላው መጽናኛችን ነው። በእነዚያ የፕሬስ ዓመታት ጽሑፉ በኮምፒውተር ይለቀም አልነበረም እንዴ? ይለቀም ነበር። በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በአጋፋሪ። የዚያን ጊዜ እነዚህ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ እያንዳንዱም በየራሱ አደራደር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ቦታውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተለቀመ ዲስኬት ዛሬ ቢገኝ፣ የሚያነበው ማሽን ቢገኝ፣ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ነው፤ ያ ፎንት የሌለው ሰው ሊያነበው አይችልም። ወረቀቱ እየፈረፈረ እንኳ ይነበባል። አንድ ኩባንያ ብቻ የሚከፍተው ሲስተም ውስጥ ዶሴያችንን ስናስገባ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ የፈቃዱ ዘመን ሲያልቅ፣ ሻጩ ስልክ ማንሳት ሲያቆም፣ ቁልፉ ከሱ ጋር ይሄዳል። ቲፍ፣ ፒዲኤፍና ተራ የዩኒኮድ ጽሑፍ ግን ባለቤት የላቸውም፤ ማንም ይከፍታቸዋል።

«ጥቁሩ መስኮት የኤክስፐርት ነው፣ ለእኛ ሠራተኛ ይከብዳል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ይህ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ነው። በዚያ የአማርኛ ታይፕ ላይ ሳያዩ በአሥር ጣታቸው የመቱ ሴቶች አራት መስመር ትዕዛዝ አይከብዳቸውም። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፤ ትዕዛዝ ሲጻፍ ጽሑፉ ይቀራል። ምን እንደተደረገ፣ በስንት ነጥብ፣ መቼ፣ በምን ስም፣ በአንድ ተራ ፋይል ገልብጦ ከሥዕሎቹ ጋር ማኖር ይቻላል፤ የሚቀጥለው ሠራተኛ አንብቦ ያንኑ ይደግማል። በአይጥ የተጫነ ነገር ግን ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። ብዙ ሥራችን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚኖረው ለማን ይጠቅማል ብላችሁ ጠይቁ።

ደግሞም የቴሌግራም ጀግኖች አሉ። የሌላውን ደራሲ አዲስ መጽሐፍ በስልክ እያነሡ በቻናል ይለቁና «ቅርስ አዳንን» ይሉናል። ይህ በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል፤ ባያስጠይቅም ነውር ነው። ማስቀመጥና ማሠራጨት ለየብቻ ናቸው። የዕድሩን መዝገብ የዕድሩ አባላት ያስቀምጡት፤ አገር ይየው አልተባለም። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ሥዕል አሳንሶ እንደሚያስቀምጥም ጀግኖቹ ልብ አላሉትም።

አሁን ጥራዙ በእጃቸው ላለ፣ መጽሔታቸው ለተዘጋ አሳታሚዎችና አዘጋጆች፣ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ላላችሁ። መንግሥትን አትጠብቁ፣ ረጂ ድርጅትም አትጠብቁ። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ለማታምኑት ባልደረባችሁ ጭምር ስጡ፤ ማኅተሙ ስላለ አይለውጥባችሁም። ለፋይሎቹ ስም ስታወጡ ዓመቱን አስቀድሙ፣ ወሩን አስከትሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ወሩ እስከ 13 እንደሚሄድ፣ በፈረንጅ ከሆነም በፈረንጅ መሆኑን በማስታወሻው ፋይል ጻፉ፤ አለበለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ መስከረምና ሴፕቴምበር የሚጣላ ተመራማሪ ትፈጥራላችሁ። ጥራዙ አልከፈት ካለ ገጹን አትቅደዱ፤ መስፊያውን ፈትታችሁ መልሳችሁ ስፉት። ማስታወቂያዎቹን አትዝለሉ። የመጨረሻውን ሽፋን፣ የማተሚያ ቤቱ ስም ያለበትን፣ ባዶ ቢመስልም አንሡት። ዋጋው የተጻፈበትን የፊት ሽፋን ጥግም ስካነሩ እንዳይቆርጠው ገጹን ከመስታወቱ ጠርዝ በጣት ያህል ራቅ አድርጉት።